የጋቢና አክስት

"አክስቴ ነዎት፤ እንዳይረሱት" አለ ሾፌሩ ዊልማር፣ የተሰባበረው መስታወት ገና ከጭናቸው ላይ ሳይራገፍ።

ኤዲልማ ማሩላንዳ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ታየዋለች። አንጓዋ ላይ መኖር የሌለበት ጉብታ ወጥቷል፣ ጣቶቿም የራሷ አልመስል ብለዋታል። የገጫቸው ድንች የጫነ መኪና መስቀለኛው መንገድ መሀል ቆሞ ይጨሳል፤ ሾፌሩ ከወዲሁ ወርዶ "ቀይ መብራት ጥሶ ነው የገባብኝ" እያለ ከዳቦ ቤቱ ለወጣው ሰው ሁሉ ይምላል።

ውሸቱን ነው። መብራቱ ለእነሱ አረንጓዴ እንደነበረ ኤዲልማ ከማንም በላይ ታውቃለች። ዊልማር ስልኩን ሲያይ ዘግይቶ፣ "አረንጓዴ ሆነልህ እኮ፤ እስኪበስል ልትጠብቅ ነው?" ብላ ያስነሣችው እሷ ነበረች።

ትራፊኩ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወጣት ነው፣ ጨዋ። መጀመሪያ አምቡላንስ ጠራላት፣ ከዳቦ ቤቱ ወንበር አስመጥቶ ጥላ ውስጥ አስቀመጣት፣ ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ።

"ለአሽከርካሪው ምኑ ነዎት፣ እመቤቴ?"

"አክስቱ ነኝ።" እዚህ ላይ ብታቆም ነገሩ ቀላል ነበር። ኤዲልማ ግን ወሬ ጀምራ መተው አይሆንላትም። "የታላቅ እህቴ ልጅ ነው። ክርስትና ያነሣሁትም እኔ ነኝ። ያን ዕለት ቄሱ ላይ ሸንቶባቸው ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።"

ትራፊኩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዝምድናውንና ክርስትናውን ጻፈ።

በፔሬይራ ከተማ ይህን የማያደርግ የለም። በስልክ አፕ የሚጠሩት መኪኖች የታክሲ ፈቃድ የላቸውም፤ ትራፊክ ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ ካየ መኪናዋን ወዲያው ያስጎትታል። ስለዚህ ተሳፋሪው ጋቢና ይገባል፣ ከሾፌሩ ጋር ስም ይለዋወጣል፣ እስኪወርድ ድረስም ይዛመዳሉ። ኤዲልማ በዚህ ዓመት ብቻ የሦስት ሾፌሮች አማት፣ የአንዱ የሒሳብ አስተማሪ፣ የሌላው ደግሞ የሟች አባቱ ሁለተኛ ሚስት ሆናለች። አትጠላውም። ዕድሜዋን ሙሉ ጸጉር ስትሠራ ወሬ ስታሳምር የኖረች ሴት ናት። ሁልጊዜ ግን ዝምድናው የመኪናውን በር ስትዘጋ ያበቃ ነበር። ያን ቀን አብሯት ወረደ።

መጀመሪያ ላይ ምንም የሚያሳስብ ነገር አልታያትም። በዚያ አገር ባለመኪና ሁሉ የግድ የሚገዛው መድን አለ፤ የተጎዳውን ሰው ማን ነህ፣ የት ተቀምጠህ ነበር ሳይል ያሳክማል። ቀዶ ጥገናውም፣ አንጓዋ ውስጥ የገባው ብረትም በዚያው ተከፈለ። ተገላገልኩ ብላ ሳትጨርስ ሐኪሙ ወደ አልጋዋ መጣ።

"መቀስ ለሦስት ወር አይታሰብም።"

"ግራ እጄ ደህና ነው።"

"በግራዎ ጸጉር መቁረጥ ይችላሉ?"

"የጠላቴን እችላለሁ።"

ሐኪሙ ሳቀ። እሷ ግን ከሄደ በኋላ ጣሪያውን እያየች ቀረች። የጸጉር ሳሎኑ ኪራይም፣ የቤቱ አስቤዛም የሚወጣው ከዚያች እጅ ነው። አለቃ የላትም፣ የሕመም ፈቃድ የሚባል ነገርም ለእሷ ዓይነቱ አልተሠራም። ደንበኛ ደግሞ ሦስት ወር ጸጉሩን አንጠልጥሎ አይጠብቅም፤ ማዶ ያለችው ወጣት ጸጉር ሠሪ ከወዲሁ "የኤዲልማ ደንበኞች እንኳን ደህና መጣችሁ" ሳትል አልቀረችም።

ከሐኪም ቤት ስትወጣ መፍትሔውን ያመጣችው ፋቢዮላ ነበረች። ፋቢዮላ የሳሎኑ ግማሽ ባለቤት ናት፤ ጥፍር ትሠራለች፣ ሌላውን ሥራዋን ደግሞ በምላሷ ትሠራዋለች።

"አንቺ እኮ ሞኝ ነሽ" አለቻት፣ የደንበኛ ጥፍር እየሞረደች። "አፑ ለተሳፋሪ የገባው የራሱ ኢንሹራንስ አለው። አደጋ ደርሶብሽ ሥራ ከፈታሽ ይከፍልሻል።"

"ተሳፋሪ አይደለሁማ። አክስት ነኝ።"

"ስትሄጂ ከፍለሽዋል?"

"ከፍየዋለሁ።"

"አክስቱን የሚያስከፍል የእህት ልጅ ከሆነማ ለክርስትናው ያወጣሽውን ጠይቂው።"

ኤዲልማ በግራ አውራ ጣቷ እየተሳሳተች አደጋውን በአፑ አመለከተች። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ኢንሹራንሱ ሠራተኛ ይልካል፣ ሠራተኛዋም ቃሏን ትቀበላለች።

ቀኑ ሲደርስ ግን ከሠራተኛዋ ቀድሞ ወደ ሳሎኑ የመጣው ዊልማር ነበር። በቅጠል የተጠቀለለ የዘይቱን ጣፋጭ ይዟል፤ ሰው ሲለምን ባዶ እጁን አይመጣም።

ክፉ ልጅ አይደለም። ሐኪም ቤት ሳለች በየቀኑ እየመጣ ጠይቋታል። ሚስቱ ሉስ ዳሪ ደግሞ አንድ ቀን ሳፋና ሻምፖ ይዛ መጥታ የኤዲልማን ጸጉር አጥባላታለች። የሰው ጸጉር ስታጥብ የኖረች ሴት የራሷን ራስ በሰው እጅ ላይ ስታሳርፍ ዕንባዋ መጥቶ ነበር፤ ሻምፖው ዓይኔ ገባ ብላ አለፈችው።

"አክስቴ፣ ዛሬ የምትመጣውን ሴትዮ አክስቱ ነኝ ይበሏት" አለ ዊልማር፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ለምን ብዬ?"

"ለመኪናዬ ሙሉ ሽፋን አለኝ። ግን እንደ ቤተሰብ መኪና ነው የገባሁት። ሰው በገንዘብ ጭኜ ከተገኘሁ አምስት ሳንቲም አይሰጡኝም። መኪናዋ ጋራዥ ቆማለች፣ የባንኩ ዕዳ ግን አልቆመም። 'አክስቴን ሳደርስ ተገጨሁ' ብዬ አመልክቻለሁ።"

"የገጨህ እኮ የድንቹ መኪና ነው። የእሱ ኢንሹራንስ አይከፍልህም?"

"ሄጄ ነበር። ሰውዬው መብራት ጥሷል ብሎ ምሎብኛል። 'መብራቱን ካንተ ሌላ ማን አየው?' አሉኝ። 'አክስቴ' አልኳቸው። ሳቁብኝ። 'አክስትህማ ሌላ ምን ትበል' አሉኝ።"

ኤዲልማ በጄሶ የታሰረውን እጇን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

"እስቲ ልረዳህ። እኔ አክስት ከሆንኩ ያንተ ፓራፋንጎ ይጠገናል። ተሳፋሪ ከሆንኩ እኔ ሦስት ወር እበላለሁ። ነገሩ ይሄው ነው?"

ዊልማር አንገቱን ደፋ። "ልጆቼ የሚበሉት በዚያች መኪና ነው፣ ዶኛ ኤዲልማ።"

"እኔስ በምን የምበላ ይመስልሃል?"

ያመጣውን ጣፋጭ ወደ እሷ ገፋ አደረገ። እሷም ተናዳበታለች፣ አዝናለታለችም፤ ሁለቱም እውነት ነበር። እሱን ላትጎዳ ራሷን ልትጎዳ ነው፣ ራሷን ላትጎዳ እሱን ልትጎዳ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣባት ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት የፈጠረችው ቄስ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

"መጣችልሽ" አለች ፋቢዮላ በመስኮቱ እያየች።

አንዲት ግራጫ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። ከጋቢናዋ ጥቁር ኮት የለበሰች ወጣት ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ወረደች። በዚያው ቅጽበት አንድ ትራፊክ በሞተር አለፈ። ሴቲቱ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ሰፈሩ እንዲሰማ አድርጋ፣ "ለእናትህ ሰላም በልልኝ፤ እሁድ ለምሳ እመጣለሁ በላት" አለች። ሾፌሩ እጁን አውለብልቦ ሄደ።

ፋቢዮላ ሳቋን በፎጣ አፈነች። ዊልማር ሹልክ ብሎ የሚወጣበት በር ስላልነበረ ጥጉ ላይ ካለው የጸጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር ገብቶ ተቀመጠና የሙሽራ ጸጉር ያለበትን መጽሔት ገለጠ።

"ማሪሴላ ኦሶሪዮ እባላለሁ፤ ከኢንሹራንሱ ነው የመጣሁት" አለች ልጅቷ። የቀረበላትን የሎሚ ጭማቂ አመስግና ተቀበለች፣ ስለ ኤዲልማ እጅ ጠየቀች፣ የሐኪሙን ወረቀት አየች። ሥራዋን የምታውቅ ልጅ መሆኗ ያስታውቃል። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች።

"ዶኛ ኤዲልማ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። አፑ ላይ ጉዞው ተመዝግቧል። ከፍለዋል፣ ግጭቱ ሲደርስም ጉዞው አላለቀም ነበር። የትራፊኩ ወረቀት ደግሞ የሾፌሩ አክስት ነዎት ይላል። ክርስትና እንዳነሡትም ተጽፏል።"

"ቄሱ ላይ መሽናቱስ?"

"እሱ አልተጻፈም።"

"ትራፊኩ ደግ ልጅ ነው ማለት ነው።"

ማሪሴላ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። "አክስቱም ነኝ፣ ከፍዬም ነው የሄድኩት" የሚል መልስ ከኤዲልማ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ይህኛው ግን የበሰበሰ ባላ ነው። ከፍላለች ከተባለ የዊልማር ኢንሹራንስ አክስትም ትሁን ንግሥት አይሰማም። ሌላም ሐሳብ ተከትሎ መጣባት። ያን መብራት ያዩት ዓይኖች የእሷ ናቸው፤ ለአክስት ሲሆኑ የሚያስቁ ዓይኖች፣ ለማንም ላልሆነች ሴት ሲሆኑ ግን ዋጋ ያላቸው ዓይኖች። ካስኩ ሥር ያለውን ልጅ አየችው። መጽሔቱን ገልብጦ ይዞታል።

"ልጄ፣ አንቺ አሁን በምን መጣሽ?" አለቻት።

"በ... መኪና።"

"ሾፌሩ ምንሽ ነው?"

ማሪሴላ ፊቷ ቀላ። ከዚያ ራሷ ሳቀች። "የአክስቴ ልጅ ነው። ስሙን ግን ረስቼዋለሁ።"

"አየሽ፤ ሁላችንም ስንገባ እንዋሻለን። የእኔ ጥፋት ስወርድ ውሸቱን እዚያው ጋቢና አለመተዌ ነው። በይ ጻፊ። ዘመዱ አይደለሁም። በአፑ ጠራሁት፣ ከፈልኩት፣ ጋቢና ግቢ ስላለኝ ገባሁ። መብራቱም ለእኛ አረንጓዴ ነበር። ይሄንን ከሥሩ አስምሪበት።"

መጽሔቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ዊልማር ከካስኩ ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ አመራ።

"ዊልማር፣ ቁጭ በል" አለች ኤዲልማ ድምጿን ሳታነሣ። "አልጨረስኩም።"

"እኔን ጨርሰውኛል እኮ። ሌላ ምን ቀረዎት?"

"ሾፌሩ እሱ ነው?" አለች ማሪሴላ።

"እሱ ነው። አሁን የምልሽን ስሚና ከተሳሳትኩ አርሚኝ። ዘመዱ ካልሆንኩ ለድንቹ መኪና ኢንሹራንስ ምስክር መሆን እችላለሁ?"

"ይችላሉ እንጂ። እንዲያውም ከማንም በላይ እርስዎን ነው የሚሰሙት፤ ጋቢና ነበሩ፣ ለሾፌሩም የሚያደሉበት ምክንያት የለም።"

"ጋቢና የተቀመጥኩት በገንዘብ ነው በነጻ ብለው ይጠይቁኛል?"

"ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ግን የገጨው የእነሱ መኪና ከሆነ ለመክፈል ምክንያት አይሆናቸውም። የሚወስነው መብራቱ ነው።" ማሪሴላ ወደ ዊልማር ዞረች። "ለራስህ ኢንሹራንስ ያቀረብከውን ጥያቄ ግን ዛሬውኑ አንሣው። ሳይከፍሉህ ካነሣኸው ተሳስቼ ነው ትላለህ። ከከፈሉህ በኋላ ከተደረሰበት ግን ሌላ ስም አለው።"

ዊልማር በሩን እንደያዘ ቀረ።

"አንድ ነገር ደግሞ አለ" አለች ማሪሴላ። "ትራፊክ ቢሮ ሄደው የሰጡትን ቃል ካላስተካከሉ የእኔ ወረቀት ብቻውን የትም አይደርስም። የድንቹ መኪና ኢንሹራንስ የሚያየው የትራፊኩን ወረቀት ነው። የእርስዎም ክፍያ እስከዚያ ይቆያል።"

"ትራፊክ ቢሮ?" አለ ዊልማር። "መኪናዬን ይወስዱብኛል!"

"ጋራዥ የቆመች መኪና ከየት ጎትተው ይወስዳሉ?" አለች ኤዲልማ።

"ይቀጡኛላ።"

ኤዲልማ ማሪሴላን አየቻት። ማሪሴላ ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሊቀጡት ይችላሉ። አይቀጡትም ብዬ አልዋሽም።"

"ለእርስዎማ ቀላል ነው" አለ ዊልማር።

"ቀላል አይደለም" አለች ኤዲልማ። "ሚስትህ ጸጉሬን አጥባልኛለች። ቀላል ቢሆንልኝ ኖሮ አንተ በሌለህበት በስልክ ነግሬያት እጨርሰው ነበር። ፊት ለፊትህ የተናገርኩት ስለከበደኝ ነው። ብትቀጣም ቅጣት ተከፍሎ ያልቃል። አክስት ሆኜ ከቀረሁ ግን ሰውዬው በውሸት እንደማለ አሸንፎህ ይኖራል፤ ይሄ አያናድድህም?"

ዊልማር የወደቀውን መጽሔት አንሥቶ ቦታው መለሰው። ፋቢዮላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትለው አጥታ ጥፍር መሞረጃዋን በፎጣ ትወለውላለች።

"ያናድዳል" አለ በመጨረሻ። "የሉስ ዳሪን ወንድም መኪና ይዣለሁ። ላድርስዎ።"

ማሪሴላ ጽፋ የጨረሰችውን አነበበችላት፤ ኤዲልማ በግራ እጇ እንደ ልጅ ጽሑፍ አጣማ ፈረመች። ለመውጣት ሲነሡ ማሪሴላ ስልኳን አውጥታ መኪና መጥራት ጀመረች።

"ስሙን እንዳትረሺው አሁን" አለቻት ፋቢዮላ፤ ምላሷ ተመልሶላታል።

ደጅ ላይ ዊልማር በልማዱ የጋቢናውን በር ከፈተላት። ኤዲልማ ሳትገባ ቆመች።

"ታስከፍለኛለህ?"

"ኧረ ምን ነካዎት!"

"እንግዲያው ጋቢና እገባለሁ።"

ወደ ትራፊክ ቢሮ የሚወስደው መንገድ በዚያው በተገጩበት መስቀለኛ ያልፋል። መብራቱ ቀይ ሆኖ ያዛቸው። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያ ወጣት ትራፊክ ሞተሩን ተደግፎ ቆሟል። ጄሶውን ሲያይ ፊቱ በራና ወደ መስኮቱ መጣ።

"እመቤቴ! እጅዎ እንዴት ሆነ?" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዊልማርን አየው። "ቄሱ ላይ የሸናው ይሄ ነው አይደል? ለሚስቴ ነግሬያት ስንት ሳቀች መሰለዎት።"

ዊልማር መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን አየ። ጆሮው ቀልቷል። ኤዲልማ ፈገግ ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ቢሮው ቅርብ ነው፤ ለማታውቀው ጸሐፊ ቃሏን ሰጥታ መውጣት ትችላለች፣ ይህ ልጅም በቀልዱ እንደተደሰተ ይኖራል። አምቡላንስ የጠራላት እሱ ነው፣ ጥላ ውስጥ ያስቀመጣት እሱ ነው። ፊቱን ማጥቆር አሳዘናት።

"ቄስ የለም፣ ልጄ" አለች። "ክርስትናም የለም። ዋሽቼሃለሁ። ተሳፋሪው ነበርኩ። አሁን ቢሮአችሁ የምንሄደውም ያንን ልናስተካክል ነው።"

የትራፊኩ ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ። እሷን አየ፣ የተቀመጠችበትን ጋቢና አየ፣ ዊልማርን አየ።

"ታዲያ ዛሬስ ምኑ ነዎት?"

ኤዲልማ ትንሽ አሰበች። መልሷን ዊልማርም እየጠበቀ ነበር።

"ምስክሩ ነኝ።"

ትራፊኩ ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ኤዲልማ ዛሬ አላቻኮለችውም፤ ዊልማር ራሱ አይቶ፣ ራሱ ማርሽ አስገብቶ ወደ ቢሮው እስኪያቀና ዝም ብላ ጠበቀችው።